የቀኙን በር የፈታን ዕለት

አባቴ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ከቡሬ በርበሬና በቆሎ ጭነው አዲስ አበባ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱ ሲሚንቶ ወይም ስኳር ይዘው ይመጣሉ። ሥራ ያቆሙ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ወይ ወፍጮ ይተክላሉ ወይ ሱቅ ይከፍታሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ያረጀች የስፖርት መኪና እየነዱ ከተፍ አሉ። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። የግቢያችን በር ላይ የነበረውን ድንጋይ ማለፍ አቅቷት፣ ጎረቤት ተጠርቶ ድንጋዩ እስኪነቀል ድረስ መንገድ ላይ ቆማ ዋለች።

«አንቱ፣ ምን ሊጭኑባት ነው?» አለቻቸው እናቴ።

«አንቺን» አሏት።

እውነትም ጫኗት። በየበዓሉ ፍኖተ ሰላም እህቷ ዘንድ ይወስዷት ጀመር። እናቴ መጀመሪያ ላይ መሬት ለመሬት የምትጎተት እየመሰላት ታጉረመርም ነበር። በኋላ ግን ራሷ ቀደም ብላ ለብሳ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

አንድ ሰኔ የቀኙ በር፣ የእናቴ በር ማለት ነው፣ መስታወቱ ድንገት ወደ በሩ ሆድ ሰምጦ ቀረ። ማዞሪያውን ቢያዞሩት ባዶውን ይሽከረከራል። አባቴ መኪናቸውን ሰው እንዲነካባቸው ስለማይፈልጉ ዛሬ ነገ ሲሉ ክረምቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በጣለ ቁጥር እናቴ ጃንጥላዋን በመስኮቱ በኩል ዘርግታ ትጓዛለች። ማንኩሳ ላይ ሰው ቆሞ ይስቅባቸዋል። እሷ ግን ታቦት እንዳጀበ ሰው ጃንጥላውን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ ታልፋለች።

እኔ ያኔ መራዊ አስተምር ነበር። ትምህርት ተዘግቶ ቤት ስመጣ የጃንጥላውን ነገር እየሳቀች የነገረችኝ እናቴ ናት። ያልነገረችኝ ሌላ ነገር ነበር። እራት ስንበላ አባቴ ውኃ ሊጠጡ ብርጭቆውን ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

በማግስቱ እናቴ አባቴን ለምና ጨቅጭቃ፣ ከጋራዥ አንድ መካኒክ ቤት ድረስ መጣ። መስታወቱን ለማግኘት መጀመሪያ የበሩን የውስጥ ልባስ ማውለቅ ያስፈልጋል። ልባሱ ጥቁር ቆዳ የለበሰ ሰፊ ፕላስቲክ ነው፤ ከጀርባው በተሰካኩ ክሊፖች ብረቱን ነክሶ ይይዛል። መካኒኩ ካቻቪቴውን ከጠርዙ ሥር ሰንቅሮ ጫን ሲለው ፕላስቲኩ ሲጢጥ አለ። አባቴ እጁን ቀስ ብለው ያዙት።

«ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ እጅህም ፈጣን ነው። ይቺ ደግሞ ባልቴት ናት። አብራችሁ አትዘልቁም።»

መካኒኩ ገባውና ሳቀ። ጠላ ቀርቦለት፣ ጠጥቶ፣ መርቆን ሄደ።

አባቴ ከሰዓቱን ሁሉ የወይራ እንጨት ሲጠርቡ አመሹ። ጫፉን ስስ አድርገው አለሰለሱትና በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠቀለሉት። ብራ የሆነ ቀን ጠብቀው መኪናዋን ፀሐይ ላይ አወጧት። ከዚያ በሩ አጠገብ ተንበርክከው እንጨቱን ጠርዙ ላይ አስጠጉ። እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ። እንጨቱ እየሸሸ ቆዳውን ይነካዋል፤ ያነሱታል፤ እንደገና ያስጠጉታል፤ እንደገና ይሸሻል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በጎን አየኋቸው፤ ግን ያላየሁ ለመምሰል ያንኑ አንሶላ ደጋግሜ አራገፍኩት።

በመጨረሻ ከዱካቸው፣ ከትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ነይ እስቲ» አሉኝ።

«እኔ? አባዬ፣ እሰብረዋለሁ እኮ!»

«እኔ እነግርሻለሁ። አንቺ እጅሽን ብቻ አበድሪኝ።»

ያችን መኪና ከማጠብ በቀር ነክቻት አላውቅም ነበር። ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ልባሱን በመዳፌ እንድነካው አዘዙኝ። «ሞቋል? ከሞቀ ይተጣጠፋል፤ ከቀዘቀዘ ይሰበራል» አሉ። ቀጥሎ ብሎኖቹን መፈለግ ነበር። አንዱ ከእጀታው ሥር በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ተደብቋል። የእኔ ጥፍር ክዳኑን ማንሳት ቢያቅተው እናቴ ከቤት ወስፌዋን ይዛ መጣችና እንደ ስፌት ወግታ ነቅላ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። ሰፌዷን ጭኗ ላይ ዘርግታ የፈታሁትን ሁሉ እየተቀበለች ትደረድራለች። «ይሄ የእጀታው፤ ይሄ የማዞሪያው፤ እንዳትቀላቅሉብኝ» ትለናለች፣ እኛ የምንቀላቅል ይመስል።

«አሁን ከታች ጥግ ጀምሪ» አሉ አባቴ። «ክሊፑ ያለበትን በጣትሽ ፈልጊ። እንጨቱን እሱው አጠገብ አስገቢ፤ መሃል ላይ ከጎተትሽው ልባሱ ይቀደዳል። ቀስ። ቀስ። በይ አሁን።»

ጧ! አለ።

ሰበርኩት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አባቴ ይስቃሉ። ለቅቆ ነው እንጂ አልተሰበረም። ሁለተኛውም ጧ አለ፣ ሦስተኛውም። በየመሃሉ እናቴ «እሰይ!» ትላለች። ሁሉም ሲለቅ ወደ ራሴ ልጎትተው ስል አባቴ «ኧረ ቆይ! ወደ ላይ አንሺው፤ አናቱ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላው ደግሞ የድምፅ ማጉያው ሽቦ አለ» ብለው ጮኹ። ወደ ላይ አነሳሁት፤ ሽቦውን ነቀልኩት፤ ልባሱ አንድም ጭረት ሳይነካው እጄ ላይ ቀረ።

የበሩ ሆድ ውስጥ አቧራ፣ የሽምብራ ቆሎና የእናቴ የጠፋ ማበጠሪያ ነበር። መስታወቱ ከተቀመጠበት መያዣ ወጥቶ ተጋድሟል እንጂ አልተሰነጠቀም። አባቴ እየመሩኝ መልሼ አስቀመጥኩትና ብሎኑን አጠበቅሁ። ልባሱን ስመልስ ደግሞ እያንዳንዱን ክሊፕ ከቀዳዳው ፊት ለፊት አስተካክዬ፣ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። ከሰፌዱ ላይ አንድም ብሎን አልተረፈም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍኖተ ሰላም ልንሄድ ተነሳን። አባቴ መኪናዋን ዞረው የሾፌሩን በር ከፈቱና ቁልፉን ሰጡኝ። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም እሷን ነድቻት አላውቅም ነበር። እሳቸው ቀኝ ተቀመጡ፤ እናቴ በጠባቡ የኋላ ወንበር በጎኗ ገባች። ማንኩሳን እንዳለፍን ዝናቡ መጣ። አባቴ ማዞሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እያረፉ እያረፉ መስታወቱን እስከ ላይ ዘጉት። ልረዳዎት አላልኩም። ከዝናቡ ብዛት መንገዱ አልታይ ሲለኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ፣ አባቴ በጭነት ዘመናቸው ዓባይ በረሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝናብ ይዟቸው ያደሩበትን ጊዜ አጫወቱን። እናቴ ያን ሌሊት እሷም ቤት ሆና እንዳልተኛች ነገረቻቸው። ያንን ለካ እስከዚያ ቀን አያውቁም ኖሯል። ዞረው ብዙ አዩዋት።

ከዚያ በኋላ አባቴ መሪ አልጨበጡም። ክረምት በመጣሁ ቁጥር እኔ እነዳላቸዋለሁ፤ እሳቸው ማርሽ በየትኛው የሞተር ድምፅ እንደሚቀየር እያረሙኝ ይሄዳሉ። ከሞቱ በኋላ መኪናዋን ለሠርግ የሚያከራይ ሰው ገዛት። የወሰዳት ዕለት እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ማታ እናቴ ደወለችልኝ።

«ሄደች» አለችኝ። «ጠዋት ራሴ አጠብኳት። ሰውየው ‹ተይው እማማ፣ እኔ አሳጥባታለሁ› ቢለኝም እንቢ አልኩት።»

ስልኩን ሁለታችንም ቶሎ አልዘጋነውም።