ጥሩ ሠራተኛ አይለቀቅም

ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ሳይንስ ስማር ሥልጣን ምንድን ነው፣ ከየት ይመነጫል እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራክረናል። ቢቸና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመድቤ ስመጣ ግን ሥልጣን ማለት ዝውውር መፍቀድ መሆኑን ተረዳሁ። ሌላው ሁሉ ለፈተና ነበር።

ባለቤቴ ሞጣ አስተማሪ ናት። ልጃችን እዚያው ተወልዳ እዚያው አደገች፤ ድክ ድክ ስትል ያየኋት በስልክ ነው። እኔ ቢቸና ተቀምጬ ዕቅድና ሪፖርት እጽፋለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን በደብረ ወርቅ በኩል ብቅ እላለሁ፤ ሲዘጋ እንደዋወላለን፤ ኔትወርክም ከጠፋ ያው ዝም ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞጣ ተዛውሬ ከልጄ ጋር መኖር።

ለዝውውር ጥሩ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ያስፈልጋል ተባልኩ። ውጤቱ የሚሰጠው በግምገማ ነው። አዳራሽ እንሰበሰብና እያንዳንዱ መጀመሪያ ራሱን ይወቅሳል፤ ከዚያ ባልደረቦቹ ጥንካሬውንና ድክመቱን ፊት ለፊት ይነግሩታል። ልማዱ ጥንካሬውን ባጭሩ ጠቅሶ "ነገር ግን" ላይ መቆየት ነው። ባልደረቦቼ ችግሬን ስለሚያውቁ ሊረዱኝ ተማከሩ።

ተራዬ ሲደርስ አንድም "ነገር ግን" አልተሰማም። አንዷ "እሱ ባይኖር ሪፖርታችን ሁሉ ከዞን ይመለስ ነበር" አለች። ሌላው "እኛ ምሳ ስንወጣ እሱ ባለጉዳይ ያስተናግዳል" አለ። ውሸቱን ነው፤ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ሸምገል ያሉት ሾፌራችን ደግሞ ብድግ ብለው "ይኸ ልጅ ከሄደ ይኸ ቤት አለቀለት!" አሉና አሳረጉት። ደስ አለኝ። በልቤ ዕቃዬን መሸከፍ ጀምሬ ነበር።

በማግስቱ ማመልከቻዬን ይዤ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ።

"ትናንት የተባለውን ሰምተሃል አይደል?" አሉኝ። ከልባቸው ኮርተውብኝ ነበር። "እንዲህ ያለ ሰው ለቅቄ እኔ ምን ልሁን?"

"ጋሼ፣ ልጄ እኮ አባት እያላት..."

"አውቃለሁ ወንድሜ፣ እግዜር ያሳድግልህ። ትንሽ ታገስ።"

ባልደረቦቼ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። የተባልኩትን ስነግራቸው ሁሉም አቀረቀሩ። ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ግን በምን አፌ? ያደረጉት ለእኔ ብለው ነው።

በሚቀጥለው ግምገማ ራሴ ላይ ዘመትሁ። አርፋጅ ነኝ፣ ግዴለሽ ነኝ፣ ባለጉዳይ አመላልሳለሁ አልሁ። ኃላፊያችን በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ "ራሱን እንዲህ የሚገመግም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉ። ውጤቴ ጨመረ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ድካሜ ሁሉ ከንቱ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ክፉ ሰው በሌለበት ቤት ሰው እንዲህ ሊታሰር እንደሚችል ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ወዲያ ማመልከት ተውሁ።

በቀደም ሞጣ ሄድሁ። ልጄ በሩን ከፍታ ጉንጬን ሳመችኝና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ቦርሳውን ግን ወደ ውስጥ አልወሰደችውም፤ እበሩ ሥር አስቀመጠችው።

"መኝታ ቤት አስገቢለት እንጂ" አለቻት እናቷ።

"ተይው፣ እዚሁ ይሁን" አለች ልጄ። "ሲሄድ ይቀርበዋል።"