ካፒቴኑ ሥራ የተቀጠረበት ጨዋታ

ባለፈው ወር የእናቴን የስፌት ቆርቆሮ ስገለብጥ ከቁልፎችና ከጎበጡ መርፌዎች መሐል አንድ ጀቶን ዱብ አለ። መሐሉ የተበሳ፣ ዳር ዳሩ የተበላ፣ ነሐስ የሚመስል። ልጄ ቀድሞኝ አነሣውና «ማማ፣ ይሄ የየት አገር ገንዘብ ነው?» አለኝ። የየትም አገር ገንዘብ አይደለም። የአዴር ዋርሳሜ ጨዋታ ቤት ማሽኖች ካልሆኑ በቀር የሚቀበለው አልነበረም፤ ከዚያ ደጃፍ ከወጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አይገዛም። እኔ ግን በእንዲህ ያለ ጀቶን አንድ ሰው ከመንገድ አስቀርቻለሁ ብዬ ከሃያ ዓመት በላይ ስኮራ ኖሬአለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ ወደብ ላይ የኢትዮጵያን ዕቃ የሚያስለቅቅ የትራንዚት ጸሐፊ ነው። እናቴ ደግሞ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ዓርብ ዓርብ ግን መኪናዋን ትሸፍናለች። ዓርብ የሴቶቹ ቀን ነበር። በየሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው እያደሩ የሚሠሩ ያገራችን ልጆች የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ፀጉራቸውን ይታጠባሉ፣ ይሠራራሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ ስብርባሪ የታፈነ አፋቸውን ከፍተው መንጋጋቸው እስኪዝል አማርኛ ያወራሉ። ቤታችን የእርጥብ ፀጉርና የሳሙና ሽታ ይሸት ነበር። እናቴ «የዓርብ ልጆቼ» ትላቸዋለች።

ከዓርብ ልጆች ሁሉ የኔ ዘነበች ናት። ዘኑ እንላታለን። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ለኔ ግን ትልቅ ሰው ነበረች። ኤሮን ሰፈር ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉት የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራለች። ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚሠራው የካፒቴኑ ጨዋታ ነበራቸው። ካፒቴኑን በከተማው የማያውቀው ልጅ አልነበረም፤ ሰይፍ ታጥቆ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል፣ አንድ ጨዋታ ሲያልቅ በሌላ ጨዋታ የሚመጣ ጀግና ነው። እንደኔ ያለው ደግሞ ጨዋታው ባይኖረውም ከደብተር ሽፋንና ከካናቴራ ላይ ያውቀዋል። ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ታናሹ ተጋጣሚ ስለሚያጣ ዘኑ ትጠራለች። ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች፣ ትሸነፋለች። ሥራዋ አራት ነበር ማለት ነው።

መሸነፉን በቀልድ አልነበረም የያዘችው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን አሸንፋው እራት አልበላም ብሎ አለቀሰና ማዳም ተቆጣቻት። ከዚያ ወዲህ ሙያ አድርጋ ተማረችው።

«መጀመሪያ ላይ ከተሸነፍሽ ልጁ ይነቃብሻል» ብላ አስረዳችኝ አንድ ቀን ፀጉሬን እየሠራች። «ደህና አድርገሽ ትጫወቻለሽ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ስሕተት ማንም በማያይበት ቦታ ትሠሪና ዝም ትያለሽ። ቆይቶ ጨዋታው ራሱ ይጥልሻል። እሱ ግን እኔ ጣልኳት ብሎ ደስ ብሎት ይበላል።»

አዴር ዋርሳሜ ያንን ማሽን ያመጣው በዚያ ጊዜ ነው። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራው። ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛውን በ«አቦ» የሚጀምርና በ«አቦ» የሚጨርስ ሰው ነው። ወደብ ላይ ባለቤት ያጣ ዕቃ ሲሸጥ ካፒቴኑ የተሳለበት ትልቅ ማሽን አይቶ ሳያጣራ ገዛ። የሰፈሩ ልጆች በወሬው ሦስት ቀን አልተኙም። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ሲበራ ግን ካፒቴኑ ሰይፍ የለውም። ቢጫ የራስ ቁር አድርጎ ክሬን ላይ ተቀምጧል። ማንም የማያነበው የሩቅ ምሥራቅ ፊደል ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል፤ ከላይ ሣጥን ይወርዳል፤ ካፒቴኑ እየተቀበለ መርከብ ላይ ይደረድራል። በቃ፣ ይኸው ነው። አይዘል፣ አይማታ።

ልጆቹ ክህደት ነው የቆጠሩት። አባቶቻቸው ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭኑ ይውላሉ፤ እነሱ ደግሞ ጀቶን ከፍለው ጀግናቸው ዕቃ ሲጭን ይዩ? «ካፒቴኑ ተቀጠረ» ተባለ። «ኩሊው» የሚል ስም ወጣለት፤ ማሽኑም ጥግ ተገፍቶ አቧራ ይጠጣ ጀመር።

ለኛ በጀን። ጨዋታ ቤቱ የወንዶች ስለነበረ እናቴ የምትለቀኝ ከዘኑ ጋር ብቻ፣ ያውም ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ጫት ከተማው ይገባል፤ ጂቡቲም ሥራዋን ጥላ ትቀመጣለች። መንገዱ ጭር ይላል፣ ልጆቹ ከፀሐይ ሸሽተው ይበተናሉ፣ አዴር ዋርሳሜ ቅጠሉን ታቅፎ ከባንኮኒው ጀርባ ጋደም ይላል። የጋለ ሽቦ፣ የእርጥብ ጫትና ከወደብ የሚመጣ የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ ይሸታል። ቬንቲላተሩ ይንጓጓል። እኔና ዘኑ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ቆመን መርከብ እንጭናለን።

በአንድ ጀቶን ለሁለት ሲጫወቱት ሁለት መርከብ ይመጣል። ቀዩ ሣጥን ከባድ፣ አረንጓዴው ቀላል ነው። ከባዱን ከታች አድርጎ ክፍተት ሳይተዉ መደርደር ነው ብልሃቱ፤ መርከቡ ካዘመመ ደወል ይደወላል፣ ካልተስተካከለ ይሰጥማል። ሲያልቅ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ካፒቴን ቁሩን አውልቆ እጅ ይነሣል። ይህን ዘኑ በጣም ትወደው ነበር። «የተሸነፈው እንኳ ክብር አለው» ትላለች። እኔን ግን አንድም ቀን አሸናፊ አድርጋኝ አታውቅም። ሳኮርፍ «ላንቺ አልሸነፍም፤ አንቺ ደሞዝ አትከፍይኝም» ትለኛለች። እውነቷን ነበር። ሰው ቤት ሳምንቱን ሙሉ የተሸነፈችውን ሁሉ ዓርብ እኔ ላይ ትወጣዋለች።

ከዚያ የመሄድ ወሬ መጣ። የዘኑ የቅርብ ጓደኛ ፎዚያ የምትባል፣ ሳቂታና ችኩል፣ እሷም የዓርብ ልጅ ነች። ደላላ አግኝታ ቅዳሜ በመኪና ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ጨርሳ ነበር፤ ለዘኑም ቦታ ይዛለች። ዘኑ አገር ቤት የምታስተምረው ወንድም ስላላት እሺ አለች። እናቴ የምትሰፋውን ጥላ ተነሣች።

«እኔ ከልካይሽ አይደለሁም፤ ግን ስሚኝ» አለቻት። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ደላላው ጀልባዋ ትልቅ ናት ይልሻል። አንዷን ተመልሳ ስትመጣ አይተሻታል?»

«እትዬ አስካለ፣ የእድሌን ነው» አለች ዘኑ፣ ቀና ሳትል።

እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ያ ዕለት ዓርብ ነበር፤ መኪናው በማግሥቱ ይነሣል። አሥር ዓመቴ ነው፤ ሰው ለማስቀረት ያለኝ መላ አንድ ብቻ ነው። ጨዋታ ቤት ስንሄድ ፎዚያም ተከትላን መጣች። ማሽኑ ፊት ስንቆም «ዛሬ ካሸነፍኩሽ አትሄጂም» አልኳት ዘኑን።

ወደ እኔ ዞረች። «ካላሸነፍሽኝስ?»

«ትሄጃለሽ። አላለቅስም። እናቴ ትሙት።»

ፎዚያ ሳቀች። «ወላሂ ይቺ ልጅ! ነይ ዘኑ፣ ዕቃ አላሰርንም'ኮ፤ ከሕፃን ጋር ምን ያጫውትሻል?»

«አንዴ ብቻ» አለች ዘኑ። ከቦርሳዋ ሁለት ጀቶን አወጣች፤ አንዱን ማሽኑ በላ፣ አንዱ እጇ ላይ ቀረ።

እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ምንም ነገር ሠርቼ አላውቅም። ምላሴን ነክሼ ቀዩን ከታች፣ አረንጓዴውን ከላይ ደረደርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እሷ መርከብ ሰረቅ አድርጌ ሳይ፣ ከታች በግራ በኩል የአንድ ሣጥን ክፍት ቦታ አየሁ። ተሳሳተች ብዬ ልቤ ዘለለ። ትንሽ ቆይቶ ደወሉ ጮኸ፤ መርከቧ በግራ አዘመመ፣ ቀስ ብሎም ሰጠመ። የሁለታችንም ካፒቴን እጅ ነሣ። እኔ እየጮህኩ ስዘል አዴር ዋርሳሜ ጉንጩን እንደወጠረ ተነሥቶ መጥቶ አየ። «አቦ! ልጅቷ ጉድ አደረገችሽ!» አላት።

ዘኑ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ወደ ፎዚያ ዞረች። «ምን ላድርግ፣ ለልጅ ቃል ገባሁ» አለቻት። ፎዚያ ቀልድ መስሏት ነበር፤ ቀልድ አለመሆኑ ሲገባት ተቆጣች፣ አብደሻል አለቻት። መንገድ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ፎዚያ ብቻዋን ሄደች፤ ዘኑ የቀረችውን ጀቶን እጄ ላይ አድርጋ ጣቶቼን ጨመቀቻቸው። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብላ አላመነችም።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዘኑ ከቀትር ሶላት በኋላ ፌስታሏን ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜዋ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ፌስታሏን ተቀብላት ውሃ አቀረበችላት። ማታ ግን ጎርሳ አጎረሰችኝና «ያንቺስ ቡኮ በቃ» አለችኝ። ከዚያ በላይ ተመስግኜ አላውቅም።

ፎዚያ ማዶ ስትደርስ እኛ ቤት እንደምትደውል ተናግራ ነበር። በዚያ ሰሞን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዘኑ ካለች ዘኑ፣ ከሌለች እናቴ ትሮጣለች። እስከ ዛሬ አልደወለችም።

የአዴር ዋርሳሜ ቤት አሁን የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ማሽኑ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በኢንተርኔት ፈልጌው ነበር። የካፒቴኑን ጨዋታዎች በሙሉ የሚዘረዝሩ ሰዎች አሉ፤ ለኛው ኩሊ የሰጡት ሁለት መስመር ነው፤ ከተሠራበት አገር ብዙም አልወጣም ይላሉ። አንዱ በዓይኑ ያየው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቋል። ልመልስለት አሰብኩና ምን ብዬ? እኔ አሁን ዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ሣጥን መርከብ ላይ እደረድራለሁ፤ ከባዱን ከታች። አለቃዬ ኮሌጅ የተማርኩት ይመስለዋል።

ጀቶኗ የወደቀች ዕለት ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር በስልክ ተጫወትን፤ ያው የሣጥን መደርደር ዓይነት ነገር ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሲሸነፍ ስልክ ይወረውራል። እየተጫወትኩ ሳለ አውራ ጣቴ ከታች በግራ በኩል አንድ ክፍት ቦታ ትቶ አለፈ። ደነገጥኩ። ልጄ «አሸነፍኩ!» እያለ ሲዘል እኔ የማየው የዘኑን መርከብ ነበር።

ዓርብ ወደ ሃያብለ ሰፈር ሄድኩ። ዘኑ እዚያ ትዳርም ቤትም አላት፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ለሰፈሩ ሴቶች ድርያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ስፌቱን ያስተማረቻት እናቴ ናት። ጀቶኗን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ዘኑ፣ ያን ቀን ለቀሽልኝ ነበር?»

አገላብጣ አየቻት። «ይሄን ሁሉ ዘመን አላወቅሽም?» ብላ ሳቀች። ከዚያ መቀሷን አስቀመጠች። «ፈርቼ ነበር ሚሚዬ። ባሕሩን ፈራሁ። ፈራሁ ብል ፎዚያ ትስቅብኛለች፣ አገር ቤት ያሉት ሰነፈች ይሉኛል። በልጅ ተሸነፍኩ ማለት ቀለለኝ።»

እኔም ልስቅ ነበር፤ እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ሁለት ጀቶን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ አስታወስሽ? ይቺን ለፎዚያ አስቤያት ነበር። አንቺም ከልጅቷ ጋር ግጠሚ፣ ከተሸነፍሽ ቅሪ ልላት። ትስቃለች ብዬ አፈርኩ። ላንቺ ሰጠሁሽ።»

ውሰጃት ብላት እምቢ አለች። ይዣት ተመለስኩ።

ያኔ ሰው የሚሄደው ከዓርብ ልጆች መሐል ነበርና ስሙን እናውቀው ነበር። አሁን ከዶራሌ ስመለስ ለመሻገር የሚሄዱትን በሰርቪሱ መስኮት አያቸዋለሁ፤ በከባድ መኪኖቹ አጠገብ፣ የውሃ ጠርሙስ አንጠልጥለው በእግራቸው ወደ ኦቦክ ያቀናሉ፤ የብዙዎቹ ዕድሜ ያኔ ከነበረው ከዘኑ ዕድሜ ያነሰ ነው። ሰርቪሱ አይቆምም። እኔም ቁሙ ብዬ አላውቅም።

ቤት ስገባ ልጄ ጀቶኗን ከእጄ ወስዶ በቀዳዳዋ አሾልኮ አየኝ።

«ማማ፣ የማናት?»

«የፎዚያ» አልኩት።