ክንዱ ኪኒኑን የተከለከለበት ዓመት

እኔ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ግን የወንድሜን የክንዱን ነገር ሌላ የሚጽፍለት የለም።

ቤታችን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ነው። ክንዱ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ከሰው መነጋገር ተወ፤ ግድግዳው ይሰድበኛል ይል ጀመር። አባቴ በጠፍር ከምሰሶ አሰሩት። ሁለት ሱባኤም ጠበል አስጠመቁት፤ አልተሻለው። ኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ አስካለ ማርያም፣ እግዜር ይስጣት፣ አባቴን ለምና ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አደረሰችው። በየወሩ እየሄደ የሚቀበለው ኪኒን ሰጡት። ሐምሌ ላይ ጥማድ ይዞ የጤፍ መሬታችንን ብቻውን አረሰ።

"ታንጉት፣ ዝም አሉኮ" አለኝ እየሳቀ። የሚሰድቡትን ድምፆች ማለቱ ነው።

ኅዳር ላይ ከቡሬ ሽማግሌ ተላከብኝ። እኛ አገር ልጅ ሳይሰጥ ዘር ይጠየቃል፤ ቁምጥና አለ ወይ፣ እብድ አለ ወይ ይባላል። አባቴ የክንዱን ካርድና ኪኒን እሳት ውስጥ ጨመሩት።

"አባ፣ ኧረ አንቱ፣ የተሻለው በሱ አይደለም እንዴ?" አልኩ።

"ተሽሎታላ! የዳነ ሰው ከእብድ ሐኪም ደጅ ምን ያመላልሰዋል? አንድ ሰው ቢያየው አንቺም እዚሁ እንደ ከረመ ጎመን ጠውልገሽ ትቀሪያለሽ።"

ክንዱ እኔን አየኝ። "ንገሪያቸው እንጂ ታንጉት፤ ይመለሱብኛልኮ።"

ዝም አልኩ። ባል ፈልጌ ነው። እውነቱ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ ሳይጋመስ ድምፆቹ መጡ። አባቴ ጎተራ ቤት አሰሩት። አስካለ ማርያም ወሩን ቆጥራ መጣች።

"ለቀን ሥራ መተማ ወርዷል" አሏት አባቴ አጥሩ ጋ አቁመው።

"እውነት ነው ታንጉት?" አለች ወደ እኔ ዞራ።

"አዎ፣ ወርዷል።"

ጎተራው ከቆምንበት አሥር እርምጃ አይሆንም።

በሠርጌ ቀን እንዳይጮህ አፉን በነጠላ አሰሩት። ዳስ ውስጥ ይዘፈናል፣ እኔ ጆሮዬ ጎተራው ላይ ነው። እኔን ይዘው ሲወጡ ሁሉም ከኋላዬ ሄደ፤ ሲመለሱ ጠፍሩን በጥሶ ጠፍቷል።

የፋሲካ ሰሞን ቡሬ ገበያ ከአማቴ ጋር በርበሬ ልንሸጥ ወጣን። መናኸሪያው አጥር ሥር አየሁት። እርቃኑን ነው፤ ግንባሩ ደምቷል።

"ዝለል እብዱ! ዝለልና ዳቦ እንሰጥሃለን!" ይሉታል ረዳቶቹ። ይዘላል። ይስቃሉ።

"ውይ፣ የማን ዘር ይሆን?" አሉ አማቴ። "ቤተሰቦቹ ስንቱን ቤት አበላሽተው ይሆን።"

ያኔ አየኝ። "ታንጉት!" አለ።

"ያውቅሻል እንዴ ልጄ?"

"ኧረ አላውቀውም እማማ፤ ስሜን ሲጠሩኝ ሰምቶ ነው።"

ክንዱ ሰማኝ። ሁለተኛ አልጠራኝም።