ፀሐይ የበላችው ቀይ ክር

ሰሞኑን ጣቶቼ እንደገና በእንሶስላ ቀልተዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጓንት ማድረግ ነበረብኝ፤ ሆን ብዬ ተውኩት። የተወቀጠው ሥር ጠረን መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ፣ አክስቴ ጓሮ ድረስ ይዞኝ ሄደ።

አክስቴ እትዬ ዘነቡ ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ሱፍ ይፈትሉ ነበር። የመንዝ ባና እንደ በጉ ጥቁርና ነጭ ነው። እሳቸው ግን የጠርዙን ክር እንሶስላ ይነክሩታል። ጎረቤቶች «እንዲህ የቀላ በግ የት አይተሽ ነው?» ብለው ሲስቁባቸው፣ «ስላላየሁ ነዋ የምሠራው» ይሉ ነበር።

ታላቅ እህቴ ልትዳር ስትል ባለቀይ ጠርዝ ባና ቃል ገቡላት። ክሩን ነክረው፣ ጥላ ውስጥ እንዳደርቀው አዝዘውኝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ለቅሶ ሄዱ። እኔ ቶሎ ይድረቅ ብዬ አጥሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፤ ከዚያም ጨዋታ ይዞኝ ረሳሁት። በሳምንታቸው ሲመለሱ ክሩ ገርጥቶ ጠበቃቸው። ሌላ ሥር ቆፍሮ ለመንከር ጊዜ አልነበረም።

«ቀለሙ የት ሄደ?» አልኩ እያለቀስኩ።

«ፀሐይ በላችው።»

«በልታ ምን አደረገችው?»

ሊመቱኝ ያነሱትን እጅ አወረዱ። «እሱን ተምረሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

እህቴ ጥቁርና ነጩን ባና ይዛ ሄደች፤ ጎረቤቶችም የልባቸው ደረሰ። እኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥያቄውን ትምህርት ቤት ሳነሳው መምህሩ «የሴት መዋቢያ እዚህ ምን አገባው?» ብለው አስቀመጡኝ። ተቀመጥኩ እንጂ አልተውኩትም።

አሁን ሥራዬ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ማውጣት ነው። ነጭ ዱቄት የተቀባ መስታወት እንሶስላ ውስጥ እነክራለሁ፤ ቀለሙ ብርሃኑን ይይዝና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ባልደረቦቼ «ከውጭ የሚመጣ ቀለም እያለ የእግር ቀለም?» ይሉኛል። ትናንት መስታወቱን መስኮቱ ሥር ሳስቀምጠው የመለኪያው ቁጥር ከፍ አለ። ብዙ አይደለም፤ ግን ከዜሮ ተነሥቷል።

ወዲያው እትዬ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። ነገርኳቸው።

«አሁንም ቀለሙን ትበላዋለች?» አሉ።

«በጥቂት ቀን ትጨርሰዋለች፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ገና አልጨረስሽም።»

አልጨረስኩም። ያኔ ክሩን ከፀሐይ መሸሸግ ነበረብኝ። ዛሬ የተነከረውን መስታወት በየማለዳው መስኮቱ ላይ አወጣዋለሁ። ትብላው፤ መልሼ እነክራለሁ።