የሚስተር ሲልቫ ፖም

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፍሪሞንት የገበሬዎች ገበያ ውስጥ አንድ ሽታ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ዞር ብዬ ባይ ግራቨንስታይን ነው፤ ቆዳው ስስ፣ በቢጫው ላይ ቀይ ሰንበር ያለበት፣ ጥሬውን ሲነክሱት ጥርስ የሚያጠርስ የድሮ ፖም። ሳምንት አይቆይም፤ ቶሎ ካልቀቀሉት ወይ ካልጋገሩት ይበሰብሳል።

በሰማንያዎቹ ሳን ሆዜ ስንኖር በጎረቤታችን በሚስተር ሲልቫ ጓሮ ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ዘመን የተረፈች አንዲት የዚህ ፖም ዛፍ ነበረች። ሽማግሌው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ጠዋት ጠዋት ሥሯ ይቆሙና ወደኛ አጥር ያጋደለውን ቅርንጫፍ አንጋጠው እያዩ ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

እናቴን እንቅልፍ የነሳት ያ ደብተር ነው። አጎቴ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖረው እኛ ጋ ተጠግቶ ነበር። እሷ ደግሞ ከቀበሌ ጆሮ ጠቢ አምልጣ የመጣች ናት፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

በፍልሰታ ሚስተር ሲልቫ በሊጥ የተጋገረ ትኩስ የፖም ፓይ ይዘው በራችንን አንኳኩ።

«ጾም ነው፣ ቅቤ አንበላም በያቸው» አለችኝ እናቴ። ወተትና እንቁላልም እንደማንበላ ጨመረች፤ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

«ኦኬ» አሉና ደብተራቸውን አውጥተው እዚያው በራችን ላይ ጻፉ።

«አየሽ? ጻፈን» አለች በሩ ሲዘጋ። በማግስቱ ወንድሟን ኦክላንድ ጓደኛው ቤት ላከችው። ከሳምንት በኋላ ሌላ ፓይ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ስታገኝ ደግሞ ከነተሸፈነበት ፎይል ቆሻሻ ጋርቤጅ ውስጥ ከተተችው። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት፣ ያሳፍረኛል።

ብርዱ ሲገባ ሚስተር ሲልቫ ሞቱ። ልጃቸው ቤቱን ስታጸዳ ደብተሩን አመጣችልን፤ ስለ እናንተ የጻፈው አለ ብላ።

«ስማችን አለ?» አለች እናቴ።

ገለጥኩት። አበባው የፈነዳበት ቀን፣ መጀመሪያ የረገፈው ፍሬ፣ የስኳሩ ልክ፤ ሁሉም ስለ ፖም ነው። የነሐሴው ገጽ ላይ፦ «ጎረቤቶቼ፦ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። በዘይት ሞክር።» ከሥሩ፦ «ሊጡ ደረቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ጨምር።» ከዚያ፦ «ሦስተኛው ጥሩ ሆነ። ወሰድኩላቸው።»

እናቴ ደግመሽ አንብቢው አለችኝ። ደገምኩት።

«ሳልቀምሰው ጣልኩት» አለች። አጎቴ ግን ኦክላንድ ቀረ፤ አባረረችኝ የሚለው ቂም ከልቡ አልወጣም።

ደብተሩ ዛሬም እኔ ኪችን ውስጥ ነው። ከፍሪሞንት የገዛሁትን ፖም በሚስተር ሲልቫ ልክ በዘይት ጋግሬ ለእናቴ ወሰድኩላት። ጾም ላይ ነበረች። ምን እንዳለበት ሳትጠይቅ በላች።