እናቴ የተሳለችው ሐኪም

ልጅ እያለሁ የፈረስ ዓይን እፈራ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ ከአልጋው በላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ጦሩም ዘንዶውም አያስፈሩኝም። ፈረሱ ግን ቤቱ ውስጥ የትም ብቀመጥ አንገቱን ጠምዝዞ እኔን የሚያይ ይመስለኛል። ይህን ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ አማተበች። ቢያይሽስ፣ የእሱ አይደለሽ እንዴ አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ የእሱ ነበርኩ። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ያዘኝ። መድኃኒቱም ጠበሉም አልሆን ሲል እናቴ አዝላኝ ዳገቱን ወጥታ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ወደቀች። አባቴ ከዚያ በፊት ሞቷል፤ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበራትም። እዚያ ተደፍታ የተሳለችውን ስለት ደጋግማ ስለምታወራው እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ እወጣው ነበር። ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ ሐኪም አደርጋታለሁ፤ ድሃህን በስምህ በነጻ ታክምልሃለች። ሌላዋ እናት ጃንጥላ ትሳላለች፤ ጧፍ ወይም ምንጣፍ ትሳላለች። የእኔዋ እኔን ከነሥራዬ ተሳለች።

ስለቱ ጓዳ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ስሜም ተረስቶ "ዶክተር" ሆኖ ቀረ። ውኃ ስቀዳ ዶክተር፣ ሱቅ ስላክ ዶክተር፣ ሱዚ ስዘል ዶክተር። እናቴ ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ትተክልና ትዘመዝም ስለነበር ከሚተርፈው ነጭ ጨርቅ በየዓመቱ ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ጋዎን ትሰፋልኛለች። የሰፈሬ ሴቶች ልጆች የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲሽሞነሞኑ እኔ በጋዎን፣ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ወርዶ፣ ከእናቴ ጎን ቆሜ ታቦቱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። እልልታው ሲቀልጥ፣ የዕጣኑና የረገጥነው ሣር ሽታ ሲደባለቅ፣ እናቴ በሰው መሐል ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ታቀርበኛለች። እንዲያየኝ ነው። እኔ ደግሞ ባያየኝ እመርጥ ነበር። ጋዎኑ ሲጠበኝ፣ አድጌ ሳበቃ፣ የሚሆነውን እያሰብኩ እፈራ ነበር።

የፍርሃቴ ምክንያት ቀላል ነው። ደም ማየት አልችልም። ይህን ያወቅሁት የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ጣት ሽንኩርት ስትከትፍ በቢላ የተቆረጠ ቀን ነው። እትዬ ዘነበች ቀልድ የማታልፋት፣ ከለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አስቃ የምትወጣ ሴት ነበረች። ጣቷን ጨብጣ እየሳቀች ዶክተሯን ጥሩልኝ ብላ ላከች። ስደርስ ሴቶቹ የምር ሐኪም የመጣ ይመስል መንገድ ለቀቁልኝ። ጣቷን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የተረጨውን ቀዝቃዛ ውኃና ከላዬ የተደረደረውን ፊት ብቻ ነው። ሴቶቹ ለሳምንት ሳቁብኝ። እናቴ አልሳቀችም። ስትለምደው ይተዋታል እያለች ላገኘችው ሁሉ ታስረዳ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቃትም።

እኔ የምወደው ሌላ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦው በሸክላ ጉድጓድ የሚጠመዘዝ ዓይነት ነበር። ወጥ ገንፍሎ ሲፈስበት ሽቦው ይቆረጣል። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ምድጃዋን ስትረግም ሰምቼ ሄድኩና ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች ፈልጌ፣ ዝገታቸውን ፍቄ፣ በፒንሳ ጠመዘዝኳቸው። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀላ፣ የተቃጠለ አቧራና የዘይት ሽታ ሲነሳ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ለሰው ማስረዳት ያቅተኛል። ፍርሃቴ ለዚያች ሰዓት ተረሳኝ። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ብላ ነበር፤ ሽቦው ሲግል ግን በሩ ላይ ወጥታ ለሰፈሩ አወጀች። ከዚያ ወዲህ ምድጃ፣ ካውያ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ በራችን ላይ ይሰለፍ ጀመር። አራዶቹ ጎረምሶች ደግሞ ዶክተር፣ ካውያችን አተኩሷታል እያሉ ይለክፉኛል። እናቴ ይህን ሁሉ እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር የምታየው። እጇ ሥራ ይልመድ ትል ነበር፤ ሐኪምም እኮ በእጁ ነው የሚሠራው።

ዓመቱ እየገፋ መጣ። አሥረኛ ክፍል ተፈትነን ውጤቱ ሲመጣ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አመጣሁ። እናቴ እልል አለች፤ ዳቦ ደፍታ ለጎረቤት አደለች። እኔ ግን ልቤ ያለው ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ቴክኒክ የሚገባው መሰናዶ ያልተሳካለት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ነጥብ እያላት ቴክኒክ የምትሄድ ልጅ አብዳለች ነው የሚባለው። ለእኔ ግን የሰው ወሬ ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ነበር። የጨነቀኝ ስለቱ ነው። ምግብ እንቢ አለኝ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከሥላሴ ቁልቁል ስወርድ፣ በየሄድኩበት የምናገረውን ቃል በሆዴ አሰናዳለሁ፤ ቤት ስገባ ይጠፋኛል። በመጨረሻ አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገርኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጇን አየች።

"እኔማ ምን ቸገረኝ፣ የፈለግሽውን ሁኚ" አለች ወደ ሥዕሉ ቀና ብላ። "ተመልሶ ቢወስድሽስ?"

እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ የዶክተር እናት መባል የሚያምራት ይመስለኝ ነበር። የጋዎኑም፣ የወሬውም፣ የዳቦውም ነገር ኩራት ነበር የመሰለኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ስትፈራ ኖራለች። ባተኮሰኝ ቁጥር፣ ባነጠሰኝ ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት በዘገየሁ ቁጥር ቀጠሮው የደረሰ እየመሰላት ኖራለች። አዘንኩላት፤ ግን ፍርሃቷ ወደ እኔም ተጋባ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ፤ በዚያው ሳምንት ደረሰ።

መብራት ጠፍቶ ነበር። እትዬ ዘነበች ምድጃዋን ይዛ መጣችና ሳይመሽ ልጨርስላት ብዬ፣ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ፣ ከፍቼው ሽቦውን እጎነጉናለሁ። መብራቱ ድንገት መጣ። አንድ ነገር ከክርኔ እስከ ጥርሴ ድረስ መታኝና ግድግዳው ላይ ወረወረኝ። መዳፌ ተቃጠለ። ከሥራ የገባችው እናቴ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ስታገኘኝ ያወጣችው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ብድግ ብዬ ደህና ነኝ ብላት አልሰማችኝም። ዞራ ሥዕሉን ነበር የምታየው። "ይቅር በላት፣ ልጅ ናት፣ ትማርልሃለች" ትል ነበር ደጋግማ። እኔም በዚያች ሰዓት አመንኩ። ሐኪም እሆናለሁ አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እሱም እንዲሰማ።

በማግስቱ ንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። አባ ተክሌ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ፣ ነገር ቶሎ የማይገርማቸው ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ከኩፍኙ ጀምራ እስከ ምድጃው ድረስ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና የታሰረውን እጄን አዩት።

"ቆጣሪውን አጥፍተሽ ነበር?" ሲሉ ጠየቁኝ።

አላጠፋሁም አልኳቸው። መብራት የለም ብዬ ምድጃውንም ከሶኬቱ አልነቀልኩትም።

"እንግዲያ ጊዮርጊስ በዚህ ምን አገባው?"

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። እናቴ ግን አልተጽናናችም። አባ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ እኔ በደጁ ተንበርክኬ ቃል ገብቻለሁ አለቻቸው። አባ ተክሌ በክርስትና ስሟ ጠሯት።

"ወለተ ማርያም፣ ሰው የሚሳለው ካለው ነው። በሬ የሌለው በሬ አይሳልም። የዚህችን ልጅ ዕድሜ ማን ሰጠሽ? እሱ ነው አልሽ። እሱ ለእሷ የሰጣትን አንቺ ከየት አምጥተሽ መልሰሽ ትሰጪዋለሽ? አንቺ የተሳልሽው ያንቺ ያልሆነውን ነው። የራስሽ የሆነውን ይዘሽ ነይ፣ ይቀበልሻል።"

እናቴ የራሴ የሆነ ምን አለኝ አለች። እጅሽስ አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ሳትሰለች ሰፋች። ለመቅደሱ መጋረጃ ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ክር የተዘመዘመ። በሚያዝያ ታቦቱ ሲወጣ እኔ እንደ እኩዮቼ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ እሷ መጋረጃውን በራሷ ተሸክማ ከፊቴ ትሄዳለች። እልል ስትል የቤተ ክርስቲያን እልልታዋን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ በታቦቱ ፊት ታለቅስ ነበር እንጂ እልል አትልም ነበር። እኔም ከመስከረም ጀምሮ የቴክኒክ ተማሪ ነበርኩ።

ዛሬ ዶሮ ማነቂያ የለም ማለት ይቻላል። ቤታችን የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድና በመብራት የደመቀ የእግረኛ ማረፊያ ሆኗል። እናቴ፣ ልጄና እኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን። በሥራ ወደ ፒያሳ ስመጣ እትዬ ዘነበች የቆመችበትን በር ቦታ በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ አላገኘውም። ለሕንፃ የመብራት መስመር እዘረጋለሁ፤ ረዳቴ የሚሆን ሠራተኛ ቀጥሬም ቢሆን ሽቦውን በራሴ እጅ ካልጠመዘዝኩ ደስ አይለኝም። ሥራውን እወደዋለሁ። ፍርሃቱ ግን ከእኔ ጋር ቤት ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ባለፈው ክረምት የአራት ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዛት። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ቁጭ ብለናል፤ እናቴ ከጎኔ፣ ልጄ ጭኔ ላይ። ትንፋሿ ይፈጃል። ሳላስበው አፌ ተንቀሳቀሰ። "ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ..." አልኩና የሚቀጥለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ምን ሊሆን እንደነበር አውቀዋለሁ። ደህና ነገር ነበር፣ ለእሷ የሚጠቅም፣ ማንም እናት የምትመኘው። እናቴ ሰምታኛለች። አላየችኝም፤ እጇን ብቻ ክንዴ ላይ አሳረፈች።

"የራስሽ የሆነውን ጥሪ፣ ልጄ" አለችኝ።

የራሴ የሆነውን ፈለግሁ። የቤተ ክርስቲያኑን መብራት ዕድሜዬን ሙሉ በነጻ ልጠግን ተሳልኩ። ልጄ ዳነች። አሁን አንድ ቀን ሾፌር፣ አንድ ቀን ዘፋኝ፣ አንድ ቀን ድመት እሆናለሁ ትላለች። ምን እንደምትሆን አላውቅም፤ አለማወቄም ያስጨንቀኛል። እናቴ ግን ምን እንደምሆን እያወቀች ነበር ያን ሁሉ ዘመን የተጨነቀችው፤ ከዚያ ይሻላል እላለሁ፣ የልጄን ግንባር በእጄ እየዳሰስኩ።