ከጽዋው በፊት

ልጄ አሁን ፍኖተ ሰላም ትማራለች። ስትስቅ ድምፅዋ ከጎረቤት ይሰማል። ይህን የምጽፈው ግን ስለ እሷ ሕመም ብቻ ብዬ አይደለም። በሕመሟ ሰበብ አገር ለቃ ልትሄድ የነበረች አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ልጄን እግዚአብሔር ማረልኝ፤ ስለ ጎረቤቴ ግን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ያኔ የምንኖረው ከቡሬ ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በርበሬና በቆሎ የሚበቅልበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ የማይጠፋበት አገር ነው። አማቴ እዚያው ግቢያችን ውስጥ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ ሸክላ የምትሠራ ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። የሠራችውን ገንቦና ምጣድ ቡሬ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ሰው ገንቦዋን ይገዛል፣ ቤቷ ግን ገብቶ እህል አይቀምስም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላል። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁ። የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ውስጥ የገባችው የንስሐ አባታችን ብዙ ለምነውላት ነው። ስትገባም ደጃፍ ደጃፉን ይዛ ትቀመጥ ነበር።

ልጄ በእግሯ መሄድ ከጀመረች ወዲህ በአጥሩ እየሾለከች እሷ ዘንድ ትውላለች። መጀመሪያ እየጠራሁ እመልሳት ነበር። በኋላ ተውሁት። ከሴትዮዋ ጎን ቁጢጥ ብላ ጭቃ ታድቦለቡላለች፤ ሴትዮዋም እንደ ትልቅ ሰው ታጫውታታለች። «እማዋ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ልጄ ናት። ከእሷ በቀር እንዲያ ብሎ የሚጠራት አልነበረም።

ማታ ማታ ጭቃዋን እንደ ተለቀለቀች ትመጣና ደጃፌ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። ድምፅዋን ታጎረንናለች።

«እማዋ ነኝ። ገንቦ ትገዣለሽ ወይ?»

«ያንች ገንቦ ያፈስ የለም ወይ?» እላታለሁ።

«የሚያፈሰውስ ያንች ቤት ነው» ትለኛለች። ከማን እንደ ሰማችው እንጃ። እኔ እስቃለሁ፣ እሷ ግን አትስቅም፤ ነጋዴ ናትና።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በረደኝ አለች። ነጠላዬን ደራርቤ አስተኛኋት። ፀሐይ ዘወር ስትል ሰውነቷ እንደ እሳት ሆነ፤ ትቃዥ ጀመር። ባለቤቴ በሬ ሊገዛ ደምበጫ ወርዶ ነበር። አማቴ የልጅቱን ቅዠት ሰምተው መጡ፤ እሳቸውን ተከትለው ጎረቤቶች ገቡ። ወዲያው ጨርቅና ሥር አጨሱ። አንዷ ልጄን አቅፋ ፊቷን ወደ ጭሱ ያዘችው። አማቴ ከላይዋ ቆመው ይጠይቃሉ። እንዲህ ሲጠየቅ የሚመልሰው ልጁ አይደለም፣ የያዘው ነው ይባላል።

«ማን ነህ? ተናገር።»

ልጄ አሳላት። ደግመው ጠየቋት። ሦስተኛ ሲጠይቋት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በዚያ በጎርናና ድምፅ፣ «እማዋ ነኝ» አለች።

ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ «ለፈለፈች» አለች። ለፈለፈች ማለት የያዛት ስሙን ተናገረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ምስክር አይፈለግም።

«ጨዋታዋ ነው» አልሁ። «ሁልጊዜ የምትጫወተው ነው።» ማን ይሰማኛል። አማቴ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና «አይዞሽ ልጄ፣ ተገኝቷል» አሉኝ። ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ ነበር። እሳቸው ከባለቤቴ በፊት የወለዱት ልጅ እንዲሁ ሲቃዥ ውሎ ሞቶባቸዋል። የበላው አልታወቀም ነበር። የእኔ ልጅ የያዛትን በመናገሯ የተረፈች መሰላቸው።

እኔ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ቡሬ ድረስ በሞተር፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም በመኪና። ሐኪሙ ወባ ነው፣ ወደ ጭንቅላቷ ሊወጣ ነበር አለኝ። መርፌ ወጓት፣ ጉሉኮስ ተከሉላት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እመቤቴን ለመንኋት። ጃንጥላ አገባለሁ፣ ሻማ አበራለሁ ብዬ አልተሳልሁም። መሳሉ ትዝም አላለኝ። ልጄን ስጭኝ ብቻ ነው ያልሁ። ልጄም ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀችኝ። ስለዚያ ውሃ እስከ ዛሬ ሳመሰግን እኖራለሁ።

አገሬ ስመለስ ግን ነገሩ አልቆ ነው የጠበቀኝ። ሴትዮዋ ከደጇ ያሰጣችውን ገንቦ ልጆች በድንጋይ ሰባብረውባታል። ምንጭ ወርዳ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ይነሣሉ። ገበያም የሚገዛት ጠፋ። ልጄ ድና መመለሷ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። አማቴን ሐኪም ያለውን ነገርኋቸው። አዳመጡኝ፣ ክፉ ሴት አይደሉም።

«ሐኪሙማ የደከመ ሥጋዋን አክሟል፤ እጁ ይባረክ» አሉኝ። «የያዛት ግን ስሙ ሲጠራ ነው የለቀቃት።»

በዚያ ወር የማርያም ጽዋ የሚጠጣው በአማቴ ቤት ነበር። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ ናት። በእኛ አገር ጽዋ ያጠጣ ማኅበርተኛ ድግሱ ሲያልቅ ጽዋውን ለተረኛ ያስረክባል፤ ተረኛውም ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። አማቴና ሴቶቹ ተመካክረው ጽዋው ለእሷ አይሰጥም አሉ። ከማኅበር የወጣች ሴት ደግሞ ሙት የሚያነሣላት፣ ስትታመም የሚጠይቃት የለም። እሷም ይህን አውቃ ዕቃዋን መቋጠር ጀምራ ነበር፤ ወደ ሊበን በኩል ዘመድ አለኝ ትላለች ተባለ።

ለባለቤቴ ልናገር ነው አልሁት። እሱ ጨዋታዋን ያውቃል፣ አምኖኛል። «ግን እናቴን በሰው ፊት አታዋርጅብኝ» አለኝ። ከዚህ ሌላ አልተናገረኝም፣ እኔም አልተቀየምሁትም።

ፍርሃቴ ብዙ ነበር። አማቴን እፈራ ነበር። ሴቶቹን እፈራ ነበር። ልጄ ደግማ ብትታመም «ይኸው፣ እናቷ ተከራክራ አስበላቻት» ይሉኛል ብዬ እፈራ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነሱ ልክ ቢሆኑስ የሚል ፍርሃት ነበረብኝ። ክፉ መንፈስ መኖሩን አምናለሁ፤ ታዲያ እኔ ማን ነኝ አይደለም የምል? ውዳሴ ማርያሜን እየደገምሁ ፍርሃቴን አንሽልኝ አልኋት። አላነሣችልኝም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። በቅሏቸውን እያጠጡ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸውና «አባ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ» አልሁ።

«እኔ ብናገር ቄሱ ለድኻ አዝኖ ነው ይባላል» አሉኝ። «ጨዋታውን የሰማሽ አንች ነሽ።»

«ብፈራስ አባ?»

«እንግዲህ ፈርተሽ ትናገሪያለሻ።» በቅሎዋን ፊቷን ዳበስ አደረጓት። «የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ። አታርዝሚው። ሲረዝም ጠብ ይሆናል።»

ሌላ ምክር ስጠብቅ ስለ በቅሏቸው ጥርስ ያወሩኝ ጀመር።

የጽዋው ቀን የአማቴ ቤት ሞላ። ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጽዋው ከፊቱ ተቀምጧል። ጠላው ሽታው ያውዳል። ሸክላ ሠሪዋ ትቀራለች ሲሉ መጣችና የተለመደ ቦታዋን ደጃፉን ያዘች። አጠገቧ የነበረችው ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ከወዲያ በኩል አንዷ «ሕፃናቶቻችሁን ሸፍኑ» ስትል ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ የበላውን ጥፍሯን ታያለች። ልጄ ጭኔ ላይ ሆና ወደ እሷ ልትሄድ ትታገለኛለች። ይዣት ነበር።

አባ ጸሎት አደረሱ። ከጸሎቱ በኋላ፣ ጽዋው ሳይነሣ፣ የማኅበሩ አለቃ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። አለቃዋን ሙሴ እንላቸዋለን። ተጣልቶ ጽዋ መጠጣት ስለማይገባ ነው ጥያቄው። ሁልጊዜ ይጠየቃል፤ ሁልጊዜም ሁላችንም በአንድ ድምፅ «የለም» እንላለን። የእውነት ተጣልተን የነበረ ጊዜ እንኳ «የለም» ብለን እናውቃለን።

«እመቤታችን በመካከላችን ናት» አሉ ሙሴዋ። «የተቀያየመ፣ የተጣላ አለ ወይ?»

«አለ» አልሁ።

ድምፄ ቀጭን ነበር። ከሌሎቹ «የለም» ጋር ተደባልቆ ጠፋ። ሙሴዋ ዳቦው ላይ ያለውን ጨርቅ ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። እንደገና «አለ» አልሁ። እጃቸው እዚያው ላይ ቀረ።

«ከማን ነው የተጣላሽ?»

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። «እኔ ከማንም አልተጣላሁም» አልሁ። «በልጄ ስም ግን ሰው ተጠልቷል።»

ተነሣሁ፤ ልጄ ቀሚሴን ይዛኛለች። የሰማሁትን ነገርኋቸው። እማዋ ነኝ እያለች ደጃፌ ላይ እንደምትቆም፣ ገንቦ እንደምትሸጥልኝ፣ ስትቃዥም ያለችው ያንኑ እንደ ሆነ። አላረዘምሁትም።

አማቴ አልተቆጡም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ አንችንም ዓይንሽን ይዛሽ ነው» አሉኝ በኀዘን። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ ላይ ልቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያስታወሰችኝ እመቤቴ ናት እላለሁ።

«እሜቴ፣ ልጅቱ እርስዎም ዘንድ መጥታ ነበር» አልሁ። «እማዋ ነኝ፣ ገንቦ ይግዙኝ ብላዎት፣ ስንጥቅ ነው አልገዛም ሲሏት አልቅሳ ወጣች። እርስዎም ሳቁ። ያን ቀን ደኅና ነበረች።»

አማቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ተውት። ትዝ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ሌሎቹም ያዩ ይመስለኛል። አማቴ ወለሉን እያዩ ተናገሩ።

«ታዲያ የኔን ልጅ ማን በላው?»

ያን ጊዜ ያዘንሁላቸውን ያህል ለማንም አዝኜ አላውቅም። «አላውቅም እሜቴ» አልሁ። አባ «ጽዋው ይቅረብ» አሉ።

ሸክላ ሠሪዋ ከሁሉ በኋላ ጠጣች። አራት ሴቶች እሷ ወደ አፏ ሳታደርስ ተነሥተው ወጥተዋል። ከእነሱ ሁለቱ እስከ ዛሬ ወደ ማኅበሩ አልተመለሱም። አማቴ ጉሮሮዬን ይዞኛል ብለው አልጠጡም። የማስረከቡ ሰዓት ሲደርስ ጽዋውን አነሡ፤ በእጇ ግን አልሰጧትም። መደቡ ላይ አስቀመጡትና «ተረኛዋ ትውሰድ» አሉ። ወሰደችው።

ውጭ ላይ ደርሼባት አብሬያት ሄድሁ። አላመሰገነችኝም። «ባትናገሪም አልቀየምሽም ነበር» አለችኝ። «ለምጄዋለሁ።» ጽዋውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር። ቤቷ ስንደርስ የቋጠረችው ዕቃ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጽዋው የሚቀመጥበት ፈልጋ አጣችና አንዱን ቋጠሮ ፈታችው።

ወሩ ከባድ ነበር። አማቴ እዚያው ግቢ እየዋሉ «እንደምን አደርሽ» ብቻ ይሉኛል። ልጄ ጉንፋን ይዟት ስታስነጥስ ልቤ ይቆም ነበር። ባለቤቴ ሁለታችንንም እየሸሸ ማሳው ላይ ይውላል። እኔ ግን ስተኛ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

የጽዋው ቀን ደረሰ። ሸክላ ሠሪዋ እንደ ሰው ሁሉ ደግሳለች፤ ዳቦው ግን ለማኅበርተኛው ሁሉ ታስቦ የተጋገረ ነውና ከመጣነው ሰዎች በዛ። አባ፣ ሙሴዋ፣ እኔና ጥቂት ሴቶች ነበርን። ማንም እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅምና የት እንደምንቀመጥ ግራ ገባን። ጸሎቱ ተጀምሮ ሳለ የበትር ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ናቸው። ጎንበስ ብለው ገቡና እኔ አጠገብ ተቀመጡ። አላዩኝም። ጽዋው ሲደርሳቸው ትንሽ ያዝ አደረጉት፤ ከዚያ ጠጡ።

ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላቸው። ሁላችንም ማኘክ ትተን እናያቸዋለን። አማቴ ቆርሰው አላመጡ፣ ደግመው ቆረሱ።

«ጨው አሳንሰሻል» አሏት።

«ለሌላ ጊዜ እጨምራለሁ፣ እሜቴ» አለች።

ተመስገን አልሁ በልቤ።